ከአጥር ወዲያ የተማርኩት ሙያ

ሰው ሲያዝን የሚያጽናናው አያጣም። አጽናኞች ግን አንድ ችግር አለባቸው፤ ሀዘናችሁ የሚያስገኘውን ጥቅም ሊነግሯችሁ ይቸኩላሉ። ንፍሮውን እየቆረጠሙ "ለበጎ ነው" ይሏችኋል። ለማን በጎ እንደሆነ ብትጠይቋቸው ወሬ ይቀይራሉ። እኔ ሰው ማሳፈር ስለማልወድ አልጠየቅኩም። አንገቴን ደፍቼ "አሜን" አልኩ።

መቼም ስጋታም ሰው መሆኔን ብደብቃችሁም አይደበቅም። ቦንጋ ላይ ዝናብ ወቅት መርጦ ስለማይዘንብ ጃንጥላዬን ከእጄ አልለይም፤ በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ ካልነካሁት እግሬ አይንቀሳቀስም። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ከእኔ እጅ መዶሻ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ለሞቴም ቢሆን ተዘጋጅቼ ነበር። ከባለቤቴ ከዘነበች በዕድሜ ስለምበልጥ፣ ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ ብዬ የሚያፈሰውን ጣራ አስጠግኛለሁ፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ አሳይቻታለሁ፣ ለእድራችን ዳኛ ሳይቀር አደራ ብያለሁ። ታዲያ እሷ ምን አደረገች? ጥቂት ቀን አሟት ቀደመችኝ።

ተራዬን ወሰደችብኝ።

የእድሩ ሴቶች ምግብ ሲያመላልሱ ሰነበቱ። ድንኳኑ ሲፈርስ ምግቡም ቀስ በቀስ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ቤት ስኖር ማድ ቤታችንን የማውቀው ከደጅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ከነመደርደሪያው በቃሌ የምጠራ ሰው የገዛ ቤቴን ጨው ፈልጌ አጣሁት።

አንዲት ልጅ አለችን፤ ሰናይት ትባላለች፣ ጅማ አስተማሪ ናት። ከለቅሶው ስትመለስ ቁርጡን ነገረችኝ። ለመስቀል ትመጣለች፤ ራሴን መመገብ ካቃተኝ ቤቱ ይከራያል፣ እኔም አብሬያት ጅማ እሄዳለሁ። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ኃላፊው፣ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ይገመገማል። እኔ ከጡረታ በኋላ በልጄ እገመገማለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ የምትለው እውነት ነው። ይሁንና ከዚያ ቤት ከወጣሁ ምን እንደምሆን ታየኝ። የሰው ሶፋ ላይ የተቀመጠ፣ ቤት ሲጠረግ እግሩን የሚያነሳ ሽማግሌ።

ስለዚህ ወጥ ልሠራ ተነሳሁ። ወንድ ልጅ ምድጃ ላይ አጎንብሶ እንዳይታይ በሩንም መስኮቱንም ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። እንጨቱ የቦንጋ ዝናብ የጠገበ ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቆርቆሮው ስር ስር መትጎልጎል ጀመረ። ጎረቤቴ እትዬ አየለች "ቤት ተቃጠለ" ብለው ጮኹ፤ ሰፈሩ በባልዲና በጀሪካን ውሃ ይዞ ደረሰ። በሩን ስከፍት እንባዬ ይወርዳል፣ እጄ ላይ ማማሰያ አለ። ሰዉ ማማሰያውን አየ። ከዚያ አንዱ የእድራችን ሰው ባልዲውን መሬት አስቀምጦ፣

"እኛማ እሳት መስሎን ነው፤ ለካ ባለሙያ ገብቶበት ነው" አለ።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ አየለች ግን አልሳቁም። የከፋ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆጮ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲቆጡ ብቻ ከፊኛው ይቀድማቸዋል። ሰዉ ከተበተነ በኋላ በቀርከሃው አጥር በኩል ጠሩኝና እኔ አሳይዎታለሁ አሉኝ። አንድ ችግር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ዓመት ያልሞላው ሰው ቤት ሴት ብቻዋን ገባች ማለት፣ ወሬው ከሺሺንዳ ገበያ አልፎ ዋጫ ይደርሳል። እኔ ደግሞ ስጋታም ነኝ። ስለዚህ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ለቆጮ የሚሆነውን ኮባ እየፋቁ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ከሰል ምድጃዬን ደጅ አውጥቼ ትምህርቱ ተጀመረ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሽንኩርቱ አሁን ምን ይመስላል?"

"ሽንኩርት ይመስላል።"

"እንግዲያው ገና ነው። ሽንኩርት መምሰሉን ሲተው ይጥሩኝ።"

ሲያርብኝ ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በጠረኑ ብቻ! በከፊኛ አንድ ነገር ይላሉ፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም፣ መጥበሻውን አነሳለሁ።

መስቀል ደረሰ፣ ሰናይትም መጣች። ምስር ወጥ አቀረብኩላት። አንድ ጉርሻ ጎረሰችና እጇን ገታች። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። አላመነችኝም፤ ተነስታ ማድ ቤት ገባች፣ ጓዳውን አየች፣ የተደበቀች ሴት ፈልጋ ስታጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ስትጎርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ወጥ ነው።"

እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ምላሴ ሲያውቀው ቆይቶ ይሆናል፤ ልቤ ግን ልብ አላለውም ነበር። ወጥቼ በአጥሩ በኩል ይህ የዘነበች ወጥ ነው ወይ ብዬ እትዬ አየለችን ጠየቅኩ። የኮባ መፋቂያቸውን አስቀመጡ።

"ታዲያ የማን ይሁን?" አሉ። "ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከቆጮና ከጎመን ሌላ አላውቅም ነበር። ዘነበች ናት አማቴ እንዳትሰማ እዚሁ ቆማ ቀስ እያለች ያስተማረችኝ። ኮረሪማውን ሸክሽኮ ወጡ ከወረደ በኋላ መነስነሱን ግን ከእኔ ነው የወሰደችው። እሱን እንዳይረሱ።"

ይኸውላችሁ። እኔ መሥሪያ ቤት መዶሻ ስጠብቅ፣ በጓሮዬ በኩል እንዲህ ያለ ሀብት ሲተላለፍ ኖሯል።

ግምገማውን አለፍኩ። ሰናይት መናኸሪያ ስሸኛት ግን እጄን ይዛ፣ "እሺ፣ መብላቱን ትበላለህ። ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። አውቶቡሱ ሄደ፤ ጥያቄው ከእኔ ጋር ወደ ቤት ተመለሰ። ሰው ወጥ የሚሠራው ሊበላ ነው፣ የሚበላው ሊኖር ነው። የሚኖረውስ? እዚህ ላይ ስድስተኛ ክፍል አይበቃም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገብሬ የሚባል ወዳጄ በራፌን መታ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ ሚስቱን አብረን ቀብረናል። ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ቀበሌው ስብሰባ አወራ፣ የዋጫ መንገድ መበላሸቱን አንስቶ በሀሳቡ ጭቃውን ሁሉ ነዳበት። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ልሂድ ብሎ ተነሳና በሩን ይዞ፣ ጫማውን እያየ፣

"ታደሰ፣ ያ ሽንኩርት... ዘይቱ ነው የሚቀድመው ወይስ እሱ?" አለኝ።

ኮቱን እንዲያወልቅ ነገርኩት። ለእኔ አንድ ቢላዋ፣ ለእሱ አንድ ቢላዋ አመጣሁና ፊት ለፊት ተቀምጠን መክተፍ ጀመርን። ዛሬ ዛሬ ሊማሩ የሚመጡት በርክተዋል፤ ከቦንጋም ከዋጫም የመጣ አለ፣ ሁሉም ሚስት የቀበረ ነው። ሀዘን ሰውን ያስተምራል ወይ ብትሉኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔን ያስተማሩኝ እትዬ አየለች ናቸው። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ሽንኩርት የሚከትፉ ሁለት ሽማግሌዎች የፈለጉትን ያህል ቢያለቅሱ፣ ምን ሆናችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።