የጋሽ ሀብቴ መርፌና የእኔ ይሉኝታ

እኛ ስንታመም እንኳ በይሉኝታ ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጠን «ምን ሆንሽ?» ስንባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ደህና ከሆንን ምን ልናደርግ እንደሄድን እንጃ። ልጅ የምታጠቡ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ድካም ሲበዛ ከማስረዳት «ደህና ነኝ» ማለት ይቀላል። አጭር ነው።

ጋሽ ሀብቴ እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው። በወጣትነታቸው ቻይና ሄደው በመርፌ ማከም፣ አኩፓንክቸር የሚሉትን፣ ተምረዋል። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። በዚህ ዕድሜያቸው የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ የመርፌ ሐኪሞቹ ማኅበር አባል ካልሆኑ ክፍል የሚሰጣቸው ክሊኒክ የለማ። ማኅበሩ ደግሞ በዋዛ አይቀበልም። የትምህርት ማስረጃውን ቼክ ያደርጋል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም «ሰው ይዘው ይምጡና ፊታችን ያክሙ» ይላል።

ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ከወለድኩ ወዲህ ወገቤ አላረፈም፤ ለፈተና የተመቸ ወገብ ነው።

ልጄን ለአባቷ ትቼ ከወንዙ ማዶ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር፣ ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። ፈታኟ እንግሊዛዊት ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን ታጠቡ፣ ፈቃዴን ጠየቁ፣ እግሬ ላይ መርፌዋን ሰኩ።

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም!» አልኩ። የእግሬ ጣቶች ግን ተኮራምተዋል።

ፈታኟ ጣቶቼን አየች። «ቢያምሽ ትነግሪው ነበር?» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ? ትልቅ ሰው እኮ ናቸው!»

እውነቴን ነበር። እሷም ጻፈች። እጃቸውም እውቀታቸውም ተመሰገነ፤ ነገር ግን ታካሚያቸው «ይቁም» ማለት እንደምትችል አላሳመኗትምና ያንን ክፍል ደግመው ይፈተኑ ተባለ።

«ሌላውን ስንፍና ይጥለዋል፣» አሉኝ ስንወጣ፣ «እኔን አክብሮትሽ ጣለኝ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔን ማሠልጠን ሆነ ሥራቸው። እጄን በጣታቸው ጫን እያደረጉ «በይ፣ ይቁም በይኝ» ይላሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ አይደለም እኮ የምልሽ!»

«እሺ።»

የድጋሚው ፈተና ቀን ልጄ ጥርስ እያበቀለች ሳታስተኛኝ ነው ያነጋችው። ጋሽ ሀብቴ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል መርፌዋን ሲሰኩ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ሥልጠናውም ይሉኝታውም ከየት ይምጣልኝ? «ጋሼ፣ ይተዉት! አመመኝ፣ ያውጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሳቸው ወዲያው አወጡ፣ በጥጥ ያዙልኝ፣ ልቀጥል ወይስ ይብቃ ብለው ጠየቁኝ። «ይብቃ» አልኩ። አለቀ።

ኮሪደር ላይ ጥቂት አስጠብቀው ጠሯቸው። አለፉ።

አውቶቡሱ ላይ ደስታቸውን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ቴምዝን ተሻግረን ብዙ ከሄድን በኋላ ቀስ ብለው፣

«ስሚ ልጄ፣ የምርሽን አሞሽ ነው? ወይስ ለፈተናው?»

ያ ሁሉ የቻይና ትምህርት ፊታቸው ላይ መልሴን ይጠብቃል።

«ኧረ ጋሼ! ለፈተናው ነው እንጂ። እጅዎማ ቅቤ ነው።»

ፊታቸው በራ። እኔም እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና እስከ ሆሎዌይ ድረስ እዚያው ሳሸው ሄድኩ።