ቀይ መብራትን በፕላስተር ስለማረም

በድሬዳዋ ከተማችን አርቆ አስተዋይ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን የማልጠቅሰው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች እንዳይቀኑ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ፒክአፕ አለችው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዳሽቦርዷ ላይ የዘይት ምልክት ያለበት ቀይ መብራት በራ፤ የሙቀት መለኪያዋም ወደ ቀዩ ተጠጋ። ሹፌሯ ወርሳሜ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ዓብዩ ቢሮ ገሰገሰ።

«ጋሽ ዓብዩ፣ ዘይቱን ለካሁት፤ የመለኪያው ጫፍ ብቻ ነው የረጠበው። ራዲያተሩም ያፈሳል። ዛሬ ጋራዥ ካልገባች ወላሂ ሞተሩ ይቃጠላል!»

«አንተ መካኒክ ነህ?»

«ሹፌር ነኝ።»

«እንግዲያው ከሥልጣንህ አትለፍ» አሉና ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እዚያው አቋቋሙ። እኔም ከአባላቱ አንዱ ነኝ።

 መኪናዋን ፈርሞ የተረከበው ግን ወርሳሜ ነው፤ ሞተሩ ቢቃጠል ከሥራ የሚባረረውም እሱ ነው።

ኮሚቴያችን ኮፈን መክፈት ሳያስፈልገው፣ ከቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ ጥናቱን አካሄደ። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በድሬ ሙቀት ስብሰባ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በፍጥነት ወሰንን። አንደኛ፣ ሰው በሚያልብበት ከተማ ብረት መሞቁ አይገርምም፤ ስለዚህ የሙቀት መለኪያው የሚያሳየው የድሬን የአየር ንብረት ነው። ሁለተኛ፣ ቀዩ መብራት የተሳፋሪን መንፈስ ስለሚያውክ ይሸፈን። ለዚሁ ተግባር ከከተማችን ታይዋን ገበያ ጥራቱን የጠበቀ ጥቁር ፕላስተር ተገዛ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሂንዳ ብዕሯን አንስታ ጠየቀች፦

«ወርሳሜ ያለውንም ልጻፈው?»

«ጻፊ እንጂ! ግልጽነት መርሐችን ነው» አሉ አቶ ዓብዩ። ከዚያ እንደ ደንባችን ሳናነብ ፈረምን።

ሐሙስ ዕለት በዚያችው ፒክአፕ ወደ ሁርሶ ከተማ ጉዞ ጀመርን። አቶ ዓብዩ እዚያ በሚካሄደው ስብሰባ ላይ «ብልሽትን ቀድሞ የመለየት ባህል» በሚል ርዕስ ንግግር ያደርጋሉ። መብራቱ አላስቸገረንም፤ ፕላስተሩ ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ አንዴ ጓ ብሎም ጸጥ አለ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ።

«ምን ሆነች?»

«ሞተሩ ተቃጠለ፣ ጋሽ ዓብዩ።»

«ተጠያቂው አንተ ነህ! ፈርመህ የተረከብከው አንተ! ነገ የስንብት ደብዳቤህን ትወስዳለህ!»

ወርሳሜ ሳይጣደፍ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ማኅተም ያረፈበት የሂንዳ ቃለ ጉባኤ ቅጂ ነበር። «ሹፌሩ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ጋራዥ ትግባ ብሏል፤ ኃላፊው አልተቀበሉትም» ይላል፤ ከሥሩ የአቶ ዓብዩ ፊርማ አለ። የእኔም አለች።

አቶ ዓብዩ ደጋግመው አነበቡት። ጥላ በሌለበት መንገድ ላይ፣ በሙሉ ሱፍ፣ ላባቸው ይንቆረቆር ጀመር።

«አናቴ ጋለ… ዞረብኝ… ውሃ አላችሁ?»

ወርሳሜ ለራዲያተሩ የያዘውን ጄሪካን አቀበላቸው። እስኪጠጡ ጠብቆ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ፕላስተር በጥንቃቄ ላጠው።

«አይስጉ ጋሽ ዓብዩ፣ የአየር ንብረቱ ነው» አላቸው። «ፊትዎ ግን በጣም ቀልቷል፤ ይቺ ፕላስተር ደግሞ ገና ትይዛለች።»