ለእንግዳ የታጠበ ደረጃ

መንግሥት ደጃችሁ ድረስ መጥቶ «ምን ጎደላችሁ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እንዲህ ያለው ነገር በሕልም ካልሆነ አይገጥምም ትሉ ይሆናል። ግን ሰው ሁሉ ለባለሥልጣን የሚናገረውን በሆዱ አዘጋጅቶ ነው የሚኖረው። ዕቃ ሲያጥብ ይለማመደዋል፣ ልብስ ሲተኩስ ያሳምረዋል፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ደግሞ ጨርሶ ያሸንፋል። ባለሥልጣኑ በእውነት የመጣ ዕለት ግን አፉን ከፍቶ የሚናገርለት ያ ሁሉ ልምምድ አይደለም፤ አስተዳደጉ ነው። ይህን ያወቅሁት በራሴ ነው፤ በርካሽም አላወቅሁትም።

የምኖረው ዮርዳኖስ ውስጥ፣ አማን ከተማ ዳርቻ፣ ቁልቁለት ላይ ከተንጠለጠሉት የደረጃ ሰፈሮች በአንዱ ነው። ሰፈሩንም፣ እዚህ ባለዲያ የሚሉትን ማዘጋጃ ቤታችንንም በስም አልጠራም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ ነው። ባለቤቴ ሳሃብ በሚባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ኮሮና ሲገባ ፋብሪካው ሠራተኞቹን እዚያው ያሳድር ጀመር፤ ስለዚህ ቤቱን የያዝነው እኔና ልጄ ሊዲያ ብቻ ነበርን። ክፍላችን ከደረጃው ሥር፣ የመጨረሻዋ ናት፤ በራችን ላይ የሰፈሩ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ።

እዚህ አገር የቧንቧ ውኃ በየሳምንቱ በተራ ነው የሚመጣው። ተራችን የደረሰ ቀን፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ያጥባሉ፤ ያጠቡት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጉድጓዱ ክዳኑን ገፍቶ ይነሣና በደጃፋችን ያልፋል፤ ሲብስበት ደግሞ ማለፉን ትቶ ይገባል። ከዚያ መንግሥት በቴሌቪዥን እጃችሁን ታጠቡ ብሎ አወጀ። ሰፈራችን ታዛዥ ነው፣ ታጠበ። ሰው ሁሉ ንጹሕ በሆነ ቁጥር የእኔ ቤት ቆሸሸ።

ሊዲያ ማሳል ጀመረች። በዚያ ዘመን ማሳል ምን ማለት እንደነበር አትረሱትም፤ አንዴ ካሳለች ከደረጃው ላይ ሦስት መስኮት ይዘጋል። ሐኪሙ መረመራትና ኮሮና አይደለም፣ የግድግዳው እርጥበት ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ ከዚህ አውጪያት አለኝ። ወዴት ላውጣት? ሌላ ቤት በስልክ ፈለግሁ። አከራዮቹ ከየት ነሽ ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ፤ በመሃል ልጄ ከኋላ ስትስል ይሰማሉ፣ ስልኩ ይዘጋል። ያለሁበት ቤት ባለቤት ደግሞ ግድግዳውን አድሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን ባለዲያው ቱቦውን ይቀይር ይላል። እንዲህ ሆኖ የልጄ ደረት በባለዲያው ቱቦ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቀን ቀን ዴር ግባር በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት እሠራለሁ። እዚያ ሰፈር ፍሳሽ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ፤ ጨዋ ሆኖ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ ከመሬት በታች ይሄዳል። ማዳም በር ላይ አልኮል ረጭታ ነው የምታስገባኝ፤ ጫማዬን፣ ቦርሳዬን፣ እጇ ካልሰነፈ እኔንም። አልቀየምኳትም፤ የት እንደማድር ብታውቅ ከዚህም በላይ ትረጭ ነበር። ብቻ የእነሱ መንገድ ጠዋት ተጠርጎ ማታ ሲደገም ሳይ፣ ጌታ ሆይ፣ ቆሻሻ በሌለበት መጥረጊያ ምን ይሠራል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ይቅር በለኝ እላለሁ፤ ቅናት ነውና።

የእኛ ባለዲያ ምንም አልሠራም ካልኩ እዋሻለሁ። ሰሌዳ ሠርቷል። ከደረጃው አናት ላይ፣ እግሩ በሲሚንቶ የተተከለ፣ ነፋስ የማያነቃንቀው ሰሌዳ። እኔ አረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም፤ ያነበቡልኝ ኡም ኻሊድ ናቸው። ኡም ኻሊድ፣ የኻሊድ እናት ማለት ነው፣ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ፓርላማ ቢኖረው አፈ ጉባኤውም ተቃዋሚውም እሳቸው ይሆኑ ነበር። ሰሌዳው የዚህ ሰፈር የፍሳሽ መስመር ለነዋሪው አገልግሎት ሲባል በአዲስ ተተክቷል ይላል አሉኝ። ሥዕልም አለው። ሥዕሉ ላይ ያለው ቱቦ ሲያምር።

ታዲያ የቱቦው ገንዘብ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጉዞ ይጀምራል። የመንገዱ ክፍል የፍሳሹን ክፍል ጠይቁ ይላል። የፍሳሹ ክፍል ገንዘቡ ለኮሮና ዞሯል ይላል። የኮሮናው ክፍል መድኃኒት ረጭተንበታል ይላል። የት ረጫችሁት ቢሉት፣ አየር ላይ። አየርን ደግሞ ማን ምስክር ይጠራዋል?

አንድ ቀን ኡም ኻሊድ መስኮታቸው ላይ ብቅ ብለው ዜና አወሩልን። ከበላይ መሥሪያ ቤት፣ ባለዲያዎች ገንዘባቸውን ምን ላይ እንዳዋሉት በዓይኑ የሚያይ ኮሚቴ ሊመጣ ነው፤ የእኛም ደረጃ ይታያል። ወዲያው ስብሰባ ተደረገ። እንደ ጊዜው ደንብ ተራርቀን በየደረጃው ተቀመጥን፤ ባለጠጋው ላይ፣ ድኃው ታች፣ እኔ ጉድጓዱ አጠገብ። ማን ይናገር ሲባል ሁሉም እግሩን ያይ ጀመር። የአንዱ አማች ባለዲያ ይሠራል፣ የሌላዋ የወንድም ልጅ ባለዲያ ይሠራል። ኡም ኻሊድ ወደ እኔ ዞሩና «ኡም ሊዲያ፣ አንቺ ማን አለሽ?» አሉኝ። ማንም የለኝም አልኩ። «እንግዲያው አንቺ ተናገሪ» አሉ። ማንም የሌለኝ መሆኔ ለሹመት ሲያበቃኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ጎረቤቴ ዘሃራ፣ የወሎ ልጅ፣ እንደ እኔው በሰው ቤት ሠራተኛ፣ በአማርኛ ጠጋ ብላ «እታለም፣ ደግሞ እንደ ልማድሽ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትቀሪ። ወላሂ ካልተናገርሽ እኔ ነኝ የምገባበት» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድኩ። የማዳምን ባል ሸሚዝ ስተኩስ ሸሚዙን ክቡር ሆይ እለዋለሁ፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ ልጄ ደረት፣ ስለ ሰሌዳው አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ሸሚዙ በጥሞና ሰማኝ። የአርብ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎታችን በኮሮና የተነሣ በስልክ ስለነበር ለእህቶችም አሳውቄ ጸለዩልኝ። ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት አለ?

የቀጠሮው ቀን ማለዳ በሬን ስከፍት ደረጃው እንደ ልማዱ ነው። ዘሃራ በሯ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ቆማለች። «እታለም፣ ሰዎቹ በዚህ ላይ ነው የሚያልፉት?» አለችኝ። ሳየው ደነገጥኩ። የሰው እንግዳ፣ ያውም የተከበረ ሰው፣ በእኛ ደጅ ጫማውን አበላሽቶ ሊሄድ። ሁለታችንም ዕድሜያችንን በየሰው ቤት ስናጸዳ የጨረስን ሴቶች ነን፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጃችን እኛን ጠይቆ አያውቅም። እሷ መጥረጊያ አወጣች፣ እኔ በረኪና አወጣሁ። ኡም ኻሊድ ወደየፎቁ ተጣርተው እንግዶቹ እስኪሄዱ ማንም ሰው ውኃ እንዳይለቅ፣ ሽንት ቤትም ቢሆን እንዳይለቅ፣ የለቀቀ ከእሳቸው ጋር እንደሚጣላ አስታወቁ። ከዚያ ከላይ ቆመው ያንን ጥግ፣ እሱን ደግሞ ረስታችሁታል እያሉ አሠሩን። በስተመጨረሻ ሪሐን የሚሉትን የበሶብላ ማሰሯቸውን አወረዱና በጉድጓዱ ክዳን ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ያስጠላል፣ ይሸፈን አሉ።

እናንተው ፍረዱ። ከመካከላችን አንዲት ሴት እንኳ «ቆይ፣ ምን እያደረግን ነው?» አላለችም። ይህ ሥራ በፍርድ ቤት ማስረጃ ማጥፋት ይባል ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ግን እንግዳ መቀበል ነው። ደረጃው አበራ። እኔ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ደስ አለኝ እኮ፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

መጡ። ኮሚቴው፣ ካሜራ የያዘ ጎልማሳ፣ ከእነሱም ጋር የባለዲያው ሰው። ከሁላችንም በላይ የደነገጠው የባለዲያው ሰው ነበር። ወንዝ ጠብቆ ነዋ የመጣው። ሰበቡን ሁሉ አዘጋጅቶ፣ ፊቱን አሳዝኖ ሲወርድ፣ የበረኪና ሽታና የሪሐን ሽታ ተቀበለው። አንዴ ደረጃውን አየ፣ አንዴ እኛን አየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቀና ሲል ታየኝ። በመጨረሻ ሰሌዳውን በእጁ የሚያሳየው ራሱ ቱቦውን ተሸክሞ ያመጣ ይመስል ነበር።

የኮሚቴው ትልቅ ሰው ፊተ ብሩህ ሽማግሌ ናቸው። ማሻአላህ እያሉ ወረዱና ፊቴ ቆሙ። «እንዴት ነሽ እህቴ? ቱቦውስ እንዴት ነው?» አሉኝ፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ።

እኛ እንዴት እንደምንመልስ ታውቃላችሁ። ልጅ ታሞ ተመስገን እንላለን። ቤት ተቃጥሎ ተመስገን፣ ሰው ተርፏል እንላለን። ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምስጋናው በሩ ነው፣ ብሶቱ ውስጥ ነው ያለው። አረቦቹም እንደ እኛው ናቸው፤ ኡም ኻሊድ ስለ ጉልበታቸው ግማሽ ቀን ሊያማርሩ ሲነሡ በሐምዱሊላህ ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ሐምዱሊላህ አልኩ። አልኩና «ግን» ለማለት አየር ሳብኩ።

በዚያች አየር መሃል የባለዲያው ሰው ሹክረን፣ እናመሰግናለን አለ። ካሜራው ወረደ። ኮሚቴው ዞረ።

ያ ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ዛሬ ብቻ ነው እኮ እንዲህ የሆነው እያልኩ ተከተልኳቸው። የባለዲያው ሰው እጁን ዘርግቶ ርቀትሽን ጠብቂ፣ ኮሮና ነው አለኝ። ሽማግሌው ግን ዞር ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጤና ይስጥሽ፣ ሰፈራችሁን እንዲህ በንጽሕና ስለያዛችሁት አላህ ይባርካችሁ አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

መኪናቸው ገና ሳይነሣ የታገሠው ሕዝብ ሁሉ ውኃውን ለቀቀ። ከላይ እስከ ታች ያሉት ሽንት ቤቶች በአንድ አፍ መሰከሩ፤ የሚሰማቸው ግን ሄዷል። ጉድጓዱ የኡም ኻሊድን ሪሐን አንሥቶ ገለበጠው። ዘሃራ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «አዬ እታለም፣ አጥበን ሰጠናቸው» ብላ እስኪያማት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከቤት ውስጥ ሊዲያ ስትስል እየሰማሁ ነበር፤ ሰማዩም ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር።

ማዳምን አስፈቅጄ ባለዲያ ሄድኩ። መስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት ጸሐፊ ትሑት ነው። ነገርኩት። የእናንተ መስመር ታድሷል፣ ኮሚቴውም አይቶ አረጋግጧል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አለኝ። አልታደሰም አልኩ። ስልኩን አወጣና ወደ እኔ አዞረው። እኔ ነኝ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ፊትሽ ይታይ ብሎኝ ስለነበር የአፍ መሸፈኛዬን ዝቅ አድርጌ፣ ከኋላዬ ደረጃው እያበራ፣ ሐምዱሊላህ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የለም። ጸሐፊው «አየሽ፣ ይቺ እህት እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። የሰው አገር ሰው ሆና እንዴት እንደምታመሰግን ተመልከች። ከእሷ ተማሪ» አለኝ።

ከራሴ እንድማር ተመከርኩ። እኔ ነኝ እኮ አልኩት። እንዴት አውቃለሁ አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ተሸፍኛለሁ። ስለዚህ መሸፈኛዬን ዝቅ አደረግሁ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ አወቀኝ። ፊቱም ተለወጠ። ከዚያ ዘበኛውን ጠራና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አፏን ገልጣ ተገኝታለች፣ መዝግባት አለው። ያው ፊት ነው። ሲያመሰግን ለሕዝብ ይታያል፣ ሲያመለክት ይቀጣል።

የቅጣቱን ወረቀት ይዘው ሁለት ሰዎች ቤቴ ድረስ መጡ። ከነገሩ ሁሉ እንደዚያ የፈጠነ አላየሁም፤ ባለዲያውም አንድ የሚሠራ ክፍል እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የመጡት በውኃ ቀን ነበር። አንደኛው ከላይ ቀረ። ሌላው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በራችን ደረሰ። ሊዲያ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠኝና ሳይሄድ ቆመ። ውኃውን አየው፣ ግድግዳውን አየው፣ ልጄ ስትስል ሰማት። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት አዘኔታ የውሸት አልነበረም።

«ኡኽቲ፣ እህቴ» አለኝ፣ «ልጅ ይዘሽ እንዲህ ባለ ቦታ ትኖሪያለሽ? ለምን ለባለዲያው አታመለክቺም?»