እመ ክልኤቱ ወደ ወስፋት ፈተና የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ዳይፐር፣ እመ ክልኤቱ ደቂቅ በእናትነት ዙፋን ላይ በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት፣ ልዑል ሕፃን የላይ ጥርሳቸውን ማብቀል በጀመሩበትና ስለዚህም እንቅልፍ የተባለው ነገር ከመንግሥቱ ወሰን ውጭ በተሰደደበት ወራት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውኃውን እንደ ያዘ ቆሞ በቀረበት በዚያው ዓመት፣ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ።

እመ ክልኤቱ፣ ማለትም የሁለት ልጆች እናት፣ የተባሉትም፣ መዋዒት፣ ዘኢትነውም፣ አኃዚተ ጡጦ ወደብተር፣ ቀን ቀን በሕክምና ላቦራቶሪ ተቀምጠው፣ ሰው በትንሽ ዕቃ ይዞት የመጣውን፣ ባለቤቱ ራሱ ዞር ብሎ ሊያየው የማይወደውን ነገር በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የሚውሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለዲግሪያቸው የሚማሩ ናቸው። ግዛታቸውም ሦስት ነበር፤ ቤት፣ ወዳጅና ትምህርት። ሦስቱ በአንድ ቀን ገብረው አያውቁም። ቤቱ ሲገብር ትምህርቱ ይሸፍታል፤ ትምህርቱን ሊያስገብሩ ሲዘምቱ ደግሞ ጓደኞቻቸው በስልክ ግሩፕ ላይ ዐምፀው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አለሽ ወይስ እናልቅስልሽ? የልደት ኬኩን ፎቶ አይተሽ አንድ ልብ እንኳ መለጠፍ አቃተሽ?» የሚል አዋጅ ያስነግሩ ነበር።

ወእምዝ፣ እመ ክልኤቱ የጥገኛ ትላትል ትምህርት የሚባለውን ባጠኑበት ወራት ልዑል ሕፃን በታወቀው እሹሩሩ ሁሉ አልተኛም ብለው ስለ ሸፈቱ፣ የሚያጠኑበት ሰዓትና የሚያስተኙበት ሰዓት አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሁለቱን ሥራዎች አጋቧቸው። ልዑሉን በጀርባቸው አዝለው፣ ከፍሪጁ እስከ መግቢያው በር፣ ከመግቢያው በር እስከ ፍሪጁ እየተንጎራደዱ፣ የትላትሉን ምዕራፍ በዜማ ያንቆረቁሩት ጀመር። የኮሶ ትል ራሱን አንጀት ላይ በሚተክልበት ስንኝ የልዑሉ እግር ይላላል፤ ወስፋት ወደ ሳንባ በሚገባበት ስንኝ ለሃጫቸው በእናታቸው ትከሻ ላይ እንደ ሰላማዊ ወንዝ ይወርዳል። የስድስት ዓመቷ ልዕልትም ከአልጋቸው ሆነው ይቀበሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ምዕራፉ ሁሉ በእመ ክልኤቱ ልብ ተጻፈ፤ ነገር ግን ከዜማው ጋር ተጣብቆ ተጻፈ፤ ይህንንም በጊዜው ያስተዋለ አንድም የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም።

የትላትሉ ትምህርት ለዲግሪያቸው የቀረ የመጨረሻው ነበር። አንድ ጊዜ በልዕልቲቱ ትኩሳት፣ አንድ ጊዜም በጓደኛቸው ሠርግ (ሚዜ ነበሩና) ከፈተናው ስለ ቀሩ፣ የትምህርት ክፍሉ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ከእንግዲህ ልጄ ታመመብኝ፣ መኪና ጠፋ፣ ሚዜ ሆንኩ የሚባል ነገር አንሰማም። ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በቃል ትፈተኛለሽ። ከቀረሽ ወይም ከወደቅሽ ከፕሮግራሙ ተሰናብተሻል፤ ያለፈው ዓመትሽ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።»

ባለቤታቸውም፣ አብራሄ ከተማ፣ የሰውን ቤት ሁሉ ብርሃን የሚያለብሱ፣ የራሳቸውን መኝታ ቤት አምፖል ለመቀየር ግን ምቹ ቀን በመጠበቅ ላይ ያሉ ኤሌክትሪሺያን፣ «ቅዳሜ ልጆቹን ለኔ ተዪያቸው፤ አንቺ ሄደሽ አንበሳ ሆነሽ ነይ» ብለው በአደባባይ፣ ማለትም በሳሎን፣ ምለው ነበር። ቅዳሜም በደረሰ ጊዜ፣ ምሳ ሳይነሣ፣ ከሥራ ቦታቸው በስልክ የመጣው አዋጅ ይህ ነበር፦ «የኔ ቆንጆ፣ አትቆጪኝ፤ ሊፍት ውስጥ ሰው ተቀርቅሮ በሩን እየደበደበ ነው። ለትንሽ ሰዓት ለጓደኛሽ ስጪያቸው፤ እሷ እምቢ አትልሽም።»

ጓደኛቸውም፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ ከልጅነት ጀምሮ የክፉ ቀን ጋሻቸው፣ እምቢ አላሉም፤ ነገር ግን ከእምቢ የባሰ ነገር አወጁ፦ «እናቴ ትሙት ደስ ባለኝ ነበር! አሁን ግን የሴትዮዋን ግማሽ ጭንቅላት ቀለም ቀብቼዋለሁ። ጥያት ብመጣ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ እሷም እኔን ትገድለኛለች፣ አንቺም በወንጀል ተባባሪነት ትያዣለሽ። ይዘሻቸው ሂጂ። ልጅ ይዞ መፈተን በሕግ የተከለከለ ነው እንዴ?»

እመ ክልኤቱም ይህን ሰምተው ልብሰ ክብራቸውን፣ ይኸውም ነጩን ሸሚዝ፣ ለበሱ፤ ልዑሉም ወዲያው የካሮት ገንፎ አትመው አጸደቁት፤ ስለዚህም በላዩ ሹራብ ደረቡ፣ በጠራራ ፀሐይም ዘመቱ። የሰልፉም ሥርዓት እንዲህ ነበር። በግንባር ቀደምትነት ልዕልት፣ በአንድ እጃቸው የተነከሰ ብስኩት፣ በሌላው አንገቱ የተሰበረ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ይዘው። ከእርሳቸው ቀጥሎ የሕፃን ጋሪው፣ የፊት ግራ ጎማው በሄደበት ሁሉ እንደ እንቢልታ የሚጮህ፣ ነገር ግን ልዑሉ አልቀመጥም ስላሉ ባዶውን የሚገፋ። በመካከል እመ ክልኤቱ፣ በጀርባቸው ልዑል፣ በትከሻቸው ቦርሳ። በቦርሳውም ውስጥ ሠራዊቱ ሁሉ ሰፍሮ ነበር፤ ዳይፐር፣ ቅያሪ ሱሪ፣ የቅያሪው ቅያሪ፣ ጡጦ፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ አንድ ማንኪያ፣ ከሁሉም ታች ደግሞ ተጨማድዶ የተኛው የጥገኛ ትላትል መጽሐፍ።

በአውቶቡስም ውስጥ አንድ አዛውንት ወንበራቸውን ለቀቁላቸው፤ ጋሪውም ወዲያው የአዛውንቱን እግር ረገጠ፤ ነገር ግን በቸርነታቸው ይቅር አሏቸው። ዩኒቨርሲቲው በደረሱ ጊዜ፣ ተፈታኞች ግድግዳ ተደግፈው በሚንቀጠቀጡበት ኮሪደር ላይ ልዕልቲቱ ቆመው ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «እማዬ ዛሬ ከወደቀች ትባረራለች! ግን አትወድቅም። ስለ ትል ሁሉንም ነገር ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ!» በኮሪደሩም የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩ፤ እመ ክልኤቱም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

የትምህርት ክፍሉንም ጸሐፊ፣ ልጆቹን ለጥቂት ጊዜ እንዲይዙላቸው በዐይናቸው ቢለምኗቸው፣ ጸሐፊዋ ኪቦርዳቸውን ሳይለቁ፣ «እህቴ፣ እኔ የራሴን አሳድጌ ገና መገላገሌ ነው፤ እንደገና አልጀምርም» ሲሉ አወጁ። ስለዚህ ሠራዊቱ ሁሉ፣ ጋሪው ሳይቀር፣ ወደ ፈተናው ክፍል ገባ።

በዚያም ሦስት ፈታኞች ተቀምጠው ነበር። በመካከል ሊቀ መንበሩ፣ ሊቀ ሊቃውንት፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ ከምሳ በኋላ የሚመጣውን ድካም በክብር የሚታገሉ ሽማግሌ። በቀኝ አንዲት መምህርት፣ ሁሉን አይተው የጨረሱ። በግራ ደግሞ ወጣቱ ዶክተር፣ ዐይናቸው በርበሬ የመሰለ፣ ቀይ እስክሪብቶ የያዙ፣ ማንንም ለማሳለፍ የማይቸኩሉ። እኒህም ወጣት ጥያቄውን አወጁ፦ «ወስፋት ከእንቁላሉ ጀምሮ እስኪያድግ ድረስ በሰው አካል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል አስረጂ። አንድ ቦታ ከዘለልሽ ሙሉ ጥያቄው የለም።»

እመ ክልኤቱም ደስ አላቸው፤ ይህንን ከስማቸው ይልቅ ያውቁት ነበርና። አፋቸውንም ከፍተው «ወስፋት...» አሉ። ደግመውም «ወስፋት ማለት...» አሉ። በወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋልና፣ ፍሪጅ የለምና፣ በር ድረስ መንጎራደድ የለምና፣ ነገሩ ሁሉ ከራሳቸው እንደ ጉም ተነነ። ወጣቱ ዶክተር ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱ። በዚያችም ቅጽበት ልዑል ሕፃን፣ ጥርሳቸው ትዝ ብሏቸው፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አገሱ፤ ሊቀ መንበሩም መነጽራቸው ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ወደቀ።

እመ ክልኤቱም ያን ጊዜ ኀፍረትን ከኋላቸው ጥለው ተነሡ፤ ልዑሉን ጠበቅ አድርገው አዘሉ፤ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ይንጎራደዱ ጀመር፤ ጀርባቸው በተወዘወዘ ጊዜም የተሰደደው ዕውቀት ሁሉ ከነጓዙ ተመለሰ። እንዲህም ሲሉ አዜሙ፦

«ካልታጠበ እጅ ላይ እንቁላል ተሳፍሮ፣
አፍ ገባ፣ ሆድ ገባ፣ አንጀት ላይ ሰፍሮ፣
እጭ ሆኖ ተነሣ ቅርፊቱን ሰብሮ፤
እሹ የኔ ጌታ፣ ይመለሳል ዞሮ።

በደም ተንሳፈፈ፣ በልብ ውስጥ አልፎ፣
ሳንባ ላይ ከረመ ከአየር ተቃቅፎ፣
ጉሮሮ ላይ ወጣ በሳል ተጣድፎ...»

ልዑሉ ዝም አሉ። ሊቀ መንበሩ አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። በዚህ ጊዜ ግን ልዕልቲቱ ከጋሪው ሥር ዳይኖሰራቸውን እንደ ሰንደቅ አንሥተው፣ «እማዬ! ጉበት ዘለልሽ! ከልብ በፊት ጉበት ነው!» ሲሉ አወጁ። እውነትም ነበር። ወጣቱ ዶክተርም እንደ ተነከሰ ሰው ብድግ ብለው፣ «ይሄ እኮ ማቀበል ነው! ከአፀደ ሕፃናት ልጅ ተቀብሎ ማለፍ የት ነው የታየው? አይያዝላትም!» ሲሉ አወጁ። እመ ክልኤቱም በቆሙበት ደረቁ፤ ዲግሪያቸው ጉበት ላይ ተሰነካክላ ስትወድቅ በዐይናቸው አዩ።

መምህርቲቱ ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ «ቀስ በል አንተ፣ ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ። እሳቸውንም» ሲሉ ወደ ሊቀ መንበሩ በአገጫቸው እያመለከቱ አወጁ። ሊቀ ሊቃውንቱ ወስፋት ሳንባ ሲደርስ እርሳቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ደርሰው ነበርና። ከዚያም ፍርዱን ቀጠሉ፦ «ጉበቱ አይያዝላት። ሌላ ጥያቄ እንስጣትና ልጅቷ አፏን ትያዝ።» ልዕልቲቱም ሁለት መዳፋቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ፤ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ በዐይናቸው ብቻ ይዋጉ ጀመር። ወጣቱ ዶክተርም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መንጠቆ ትል» አሉ። ከዚያ በላይ አላሉም።

እመ ክልኤቱም ረዳት የሌላቸው፣ ብቻቸውን፣ ላብ በሹራባቸው ውስጥ እየወረደ፣ መንጠቆ ትሉን ከእግር መዳፍ ቆዳ አስገብተው፣ በደም አጓጉዘው፣ በልብ አሳልፈው፣ በሳንባ አዋሉት፤ በጉሮሮ አውጥተው አስዋጡት፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይም ሰቀሉት፤ ደምም መጠጠ። አንድም ቦታ አልዘለሉም። ዜማው ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሁለት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ አንዱ የልዑሉ፣ አንዱ የሊቀ መንበሩ። ወጣቱ ዶክተርም ጭንቅላታቸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ከእጃቸው አምልጦ ጭናቸው ላይ ሲጽፍ፣ መምህርቲቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

ያን ጊዜ፣ ከጥንት ጀምሮ በነጋሪትና በእንቢልታ ይነገር የነበረው አዋጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣቱ ዶክተር አፍ በሹክሹክታ ተነገረ፦ «አልፈሻል። አሁን ቀስ ብለሽ ውጪ። ጋሪውን አትግፊው፣ አንሥተሽ ያዢው፤ ጎማው ይጮሃል።» እኒያን በርበሬ የመሰሉ ዐይኖቻቸውንም እያሹ አከሉ፦ «ደግሞ... ያንን የሳንባውን ስንኝ ብትልኪልኝ። የኔዋ ከተወለደች ጀምሮ ተኝታ አታውቅም። ሚስቴም አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም።»

እመ ክልኤቱም ጋሪውን በክንዳቸው ተሸክመው፣ ልዕልቲቱ አፋቸውን እንደ ያዙ ከኋላ ተከትለው፣ ሁለቱ ፈታኞችም ጫማቸውን አውልቀው፣ በጣታቸው እየረገጡ ከክፍሉ ወጡ፤ በሩንም ሳያሰሙ ዘጉት። ሊቀ መንበሩ ሲመሽ ነቅተው፣ ባዶውን ወንበር አይተው፣ ውጤቱ ላይ ፈረሙና፣ «እንዲህ ልብ የሚያሳርፍ ተፈታኝ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንግዲህ ሰላም ለሚያዝሉ ትከሻዎች፣ ሰላም ለካሮት ማኅተም፣ ሰላም ለመዋዒት እመ ክልኤቱ! ከእርሳቸው በፊት በዚያ ክፍል ቆመው ጉባኤውን በንግግራቸው ያስተኙ ሊቃውንት እንደ ባሕር አሸዋ ብዙ ናቸው፤ አውቀው ያስተኙ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።