ጓድን እናቆየው ወይስ እንመልሰው?

በእኛ አገር እንስሳ ቤት የሚገባው ሥራ ይዞ ነው። ድመት አይጥ ልትይዝ፣ ውሻ ሌባ ሊያባርር፣ ዶሮ ዕንቁላል ልትጥል ትገባለች። አይጥ መያዝ ያቆመች ድመት ያለው ሰው እንኳ «ደግሞ ይህቺ ምን ታደርግላችኋለች?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሰውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም፤ በተለይ በደርግ ጊዜ። በአንዱ ማኅበር ያልተደራጀ ሰው እንኳን ጎረቤቱ እሱም ራሱን ይጠራጠር ነበር። እንግዲህ ዕንቁላል የማይጥል፣ የማይጮኽ፣ ከዝንብ በቀር ምንም የማይይዝ፣ በየትኛውም ማኅበር ያልታቀፈ ፍጡር ቤታችሁ ቢገባ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለቤቴ ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ እዚያው ቤት ተከራየ። እኔና ልጄ ሃያት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቀረን። የምንገናኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። «ለምን አብራችሁት አልወረዳችሁም?» ትሉ ይሆናል። ወባ ፈርቼ ነዋ። ሃያት ያኔ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ የሄደ ሰሞን አፏን ዘጋች። አልታመመችም፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። ቃል ግን የለም። ሰው ሁሉ «እናቷን ወጥታ ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፣ እኔም ዝምተኛ ነኝ። ግን የእኔ ዝምታ ውስጡ ወሬ ሞልቶታል፤ የእሷ ሰው ለቆት የሄደ ቤት ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነን ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ሰይድ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ገባ። «ሃያትዬ፣ ነይማ፣ ጓደኛ አመጣሁልሽ!» ክዳኑን ሲያነሣው፣ ከተከራየበት ግቢ የቅንጭብ አጥር ላይ የለቀመው እስስት ብቅ አለ። አንድ እጁን አነሣ። አነሣ እንጂ አላሳረፈም። ወደፊት አለ፣ ወደኋላ አለ፣ ደግሞ ወደፊት፤ ልክ በስብሰባ ላይ «በፈቃደኝነት የሚዘምት?» ሲባል እንደሚነሣ እጅ። ሃያት አፈጠጠችበት። ከዚያ ከንፈሯ ተላቀቀ።

«ጓድ!» አለች።

አባቷ ያለው «ጓደኛ» ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ከራዲዮኑ እስከ ስኳር ሰልፉ ጓድ ያልተባለ ሰው ስላልነበረ፣ ልጅቱ የለመደችውን ሰማች። «ጓደኛ በይ» አላት ሰይድ። «ጓድ» አለችው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ልጃችሁ ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ አንዲት ቃል ብትሰጣችሁ ታርሟታላችሁ? እኔ አላረምኩም። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት።

ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ግን ስሙን ብቻ ተከትለው አልቀሩም፤ በር ድረስ መጡ። «ወላሂ ጀሚላ፣ ይኼ ነገር አንዴ ከነከሰ አህያ ካልጮኸ አይለቅም። አውጪልን!»

«ነክሶዎት ያውቃል እትዬ?»

«እኔን? አዑዙ ቢላህ! መቼ ቀርቤው!»

ደግነቱ ደሴ አህያ አጥታ አታውቅም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ብርዱ። ኮምቦልቻ ላይ እንደ ቃሪያ አረንጓዴ የነበረው ጓድ፣ የደሴ ጉም ሲያገኘው ከሰል መሰለ። በሦስት ቀን አንድ ዝንብ ቢበላ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከቀለም ጋር የተለያየሁት ሴትዮ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ቀለም ሳጠና ከረምኩ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ቡናማ፣ ስትጠልቅ ጥቁር። ሃያት ግን ካርቶኑ ሥር ቁጢጥ ብላ ታወራለት ነበር። «ጓድ፣ በረደህ? ጓድ፣ ብላ እንጂ። አባቴ ቅዳሜ ይመጣል፣ እሺ ጓድ?» ከእሱ ሌላ ለማንም አትናገርም። ከቆየ እስስቱ በብርድ ሊሞት ነው። ከሄደ ልጄ አፏን መልሳ ልትዘጋ ነው።

ቅዳሜ ሲመጣ ከሰይድ ጋር ተመካከርን።

«ጓድን ኮምቦልቻ ብንመልሰው ይሻላል» አለ። «እዚህ እንደ ጠቆረ ሊቀር ነው።»

«ትንሽ ቢቆይስ?»

«ምን ሊፈይድ? ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውለው።»

ይህን ስንል የዘነጋነው ግድግዳውን ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ይመር ናቸው። ከኮምቦልቻ ተዛውረው ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። መልካቸውም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጠቆር ያለ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰኞ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ጓድ ይመር ካኪያቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

«ጓዲት ጀሚላ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እንደምመለስ የሰማችሁት ከማን ነው? ከአውራጃ ነው?»

እውነቱን ልናገር? እውነቱ እኮ ከሐሜቱ የባሰ ነው! «ጓድ ያልነው እርስዎን አይደለም፣ እስስት ነው» ተብሎ ለቀበሌ ጸሐፊ ይነገራል?

«ተኝቶ ይውላል የተባለውም ሐሰት ነው» ቀጠሉ። «ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ካልኩ ነው…»

ይህን ጊዜ ሃያት ካርቶኗን ታቅፋ በጉልበቴ ሥር ሾልካ ወጣች። «ጓድ ይኸው! በርዶታል!»

ጸሐፊው ወደ ካርቶኑ አጎነበሱ። ቀና ብለው እኔን አዩ። ተመልሰው አጎነበሱ። «ጠቆረ የተባለው… ይኼ ነው?»

«አዎ ጌታ… ጓድ» አልኩ። የትኛውን ጓድ እንደጠራሁ ለራሴም አልለየልኝ።

ደፉ ላይ ቁጭ አሉና ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እስከዚያች ቀን ድረስ የፈራ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ማንኛውም የፈራ ሰው ነው። «ሚስቴ እኮ ዕቃ ሸክፋ ጨርሳለች» አሉ። ከዚያ ሥልጣናቸው ትዝ አላቸውና ተነሡ። «ስሙን ቀይሪለት፤ ካልሆነ አገሩ መልሺው። አንድ ግድግዳ ሁለት ጓድ አይችልም።»

ሃያትን ሌላ ስም እናውጣለት ብላት ከንፈሯን ጥርቅም አደረገች። ስም ላስቀይር ብዬ ድምጿን ላጣ ነው። ተንበረከክሁና «ኮምቦልቻ ቢሄድስ? እዚያ ይሞቀዋል» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «አባቴ ጋ?»

«አባትሽ ጋ።»

«ይሂድ።»

ጊዜው ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድም የቀበሌ ወረቀት የሚጠየቅበት ነበር። ከሥጋት የወጣ ሰው ቸር ነውና፣ ጓድ ይመር እዚያው ጽፈው ሰጡኝ፤ «ጓዲት ጀሚላ ከልጃቸው ጋር…»

«ጓድስ?» አለች ሃያት።

ጸሐፊው ተነፈሱ። «እና አንድ ጓድ» ብለው ጨመሩበት።

የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ስንጠመዘዝ ጓድ በየኩርባው ፈካ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ቃሪያነቱ ተመልሶለታል። ሃያት በራሷ እጅ ቅንጭቡ ላይ አወጣችው። እንደ ወጣ ከቅርንጫፉ ለይታ ልታየው አልቻለችም። አላለቀሰችም። አልተናገረችም። በማግሥቱ ከሰዓት ወደ ደሴ ስንመለስም አውቶብሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ዝም። ሐረጎን ሽቅብ ስንጀምር ዝም። እኔ ምን ነክቶኝ መለስኩት እያልኩ ራሴን እረግማለሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ገባና ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስንወርድ ማኅተሙን ብቻ ነበር ያዩት። «ሦስት ሰው ይላል። አንዱ ጓድ የታለ?»

ውሸት ልፈልግ አፌን ስከፍት፣ ሃያት ጉልበቴ ላይ ቆመች።

«ጓድ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቀለሙን ቀየረ!» አለች፣ አውቶብሱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ከዚያ ጠፋ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ድንገት ተራራ ማየት አማረው። ሾፌሩ ሞተሩን ያዳምጣል። ወታደሩ ሃያትን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ወረቀቱን አጠፈና መለሰልኝ።

«ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው» አለ። ወርዶም ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ከዚያ በኋላ ሃያትን የሚያቆማት ጠፋ። ስለ ዝንብ፣ ስለ አባቷ አልጋ፣ ወታደሩ ጺም ስለሌለው፣ ደመናው ምን እንደሚመስል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ጥምጥማቸውን አስተካክለው ዞሩና «ልጄ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ይህችን ልጅ ትንሽ ዝም አሰኚያት!» አሉኝ።

«እምቢ ትለኛለች፣ አባባ» አልኳቸው።

አልሞከርኩም።