ቦይ የዘለለ ሽማግሌ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። መልካም ብለዋል። የት እንደሚያደርስ ግን አልነገሩንም። በምን ፍጥነት እንደሚያደርስ፣ ፈረሱ ሲደርስ የተቀመጠበት ሰውዬም አብሮ ይድረስ አይድረስ፣ ደርሶስ ምን እንደሚጠብቀው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ተረትና ምሳሌ እንዲህ ነው፤ ግማሹን ይነግርህና ግማሹን ራስህ ወድቀህ እንድትማረው ይተውልሃል። ታዲያ ይህን የምጽፍላችሁ ሌላውን ግማሽ ላስተምራችሁ እንዳይመስላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔም አልገባኝም።

ፍርሃትን ውሰዱ። በዚህ ዘመን መፍራት ነውር ሆኗል። ስልክህን ስትከፍት ሸሚዙ የተተኮሰ አንድ ወጣት ብቅ ይልና በሰባት ቀን በራስ መተማመንህን እንዲህ ታደርገዋለህ፣ እንዲያ ታደርገዋለህ ይልሃል። የጥንት ሰዎች ፈሪን ይሰድቡት ነበር እንጂ አሠልጥነው ሊያድኑት አልሞከሩም። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ዛሬም ግራ ይገባኛል፤ ሁለቱም ደርሰውብኛልና።

እኔ አዳማ ተወልጄ፣ ለሥራ ባሕር ዳር መጥቼ፣ ይኸው ሃያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎችን የቴክኒክ ስዕል የማስተምር ሰው ነኝ። ቀጥ ያለ መስመር እወዳለሁ። ከመሬት ከፍ ማለት አልወድም። ቤታችን አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው ባለቤቴ አልማዝ ናት፤ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ፈረስ ላይ አወጣው ትሉኝ ይሆናል። ሽምግልና ነው ያወጣኝ።

ቢንያም የእህቴ ልጅ ነው። አባቱን ሳያውቅ እኔ ቤት ያደገ፣ አሁን እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ዝምተኛና ጨዋ ልጅ። ውባለም የምትባል ነርስ ወደደ። ውባለም የቁንዝላ ገጠር ልጅ ናት፤ አባቷ አያ ቢሻው ደግሞ ልጃቸውን በወግ ካልሆነ በቀር የማይሰጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሆነን ለሽምግልና ተነሳን፤ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ፣ ጎረቤታችን ጡረተኛው ጋሽ ዓለሙና እኔ። አባት በሌለበት አጎት አባት ነውና እኔ መቅረት አልችልም።

በሰኔ መጨረሻ ከባሕር ዳር ቁንዝላ በጀልባ ተሻገርን። ከቁንዝላ ወዲያ ያለው መንገድ በዚያ ጭቃ ለመኪና አይሆንም፤ በተዋስናቸው የጋማ ከብቶች ሄድን። ፈረሱ በእርምጃ እስከሄደ ድረስ ዐይኔን ጋማው ላይ ተክዬ ተቻቻልን። የአያ ቢሻው ቤት ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ግን አንድ የክረምት ጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ልጅ እግር ፍየል የማትጨነቅበት ቦይ ነው። ቄስ ሞላ በቅሏቸው ላይ ጥላቸውን እንደዘረጉ ዘለው ተሻገሩ። ጋሽ ዓለሙም ተሻገሩ። እኔ ወረድኩ። ፈረሴን እየጎተትኩ ታች ካለው የእንጨት ድልድይ ዞሬ ስመጣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ጎዶሎ መግባት ነውር ነውና ያን ሁሉ ጊዜ ከአጥር ውጭ ቆመው ጠበቁኝ።

ሰው አዝሎ አያሻግርህም ነበር ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዛይ አልጠፋም። ግን በሰው ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሽማግሌ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲል እስቲ ይታያችሁ።

አያ ቢሻው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጫማዬ ጭቃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «መምህር» አሉኝ፣ «ሽማግሌ ማለት ለጥየቃ ብቻ አይደለም። ልጄ ሆድ የባሳት ቀን፣ ከባሏ የተኳረፈች ቀን፣ እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያስታርቅ ማለት ነው። ያን ቀን እርስዎ ከቦዩ ማዶ ሁነው ነው የሚያስታርቋት?»

ጭቃ የያዘ ጫማዬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«በሉ ከመስቀል በኋላ ኑ። ሦስት ሁናችሁ፣ አንድ ላይ፣ በዚሁ በቦዩ በኩል። ያለዚያ ሌላም ጠያቂ አላት።»

በማግስቱ ማታ ቤት ገብቼ ለቢንያም ነገርኩት። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም፤ የጎረሰውን ዋጠና ሳይጠግብ እጁን ታጠበ። ያ እጅ መታጠብ እስከ ዛሬ ያመኛል። በነሐሴ ደግሞ የእንጨት ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው የሚል ወሬ መጣ። ዞሮ መግባት የሚባል ነገር ቀረ፤ ወይ እዘላለሁ፣ ወይ የልጁ ትዳር ይቀራል።

እንድሪስ የሰፈራችን ባለጋሪ ነው። ባጃጅ ሥራውን ስላቀዘቀዘበት ጊዜ ነበረው፣ ዳማ የሚላት ፈረስም ነበረችው። በየማለዳው ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ያሠለጥነኝ ጀመር። ጋሪ የለመደ ፈረስ ከጋሪው ሲፈታ ግራ ይገባዋል። ከኋላዋ የሚንገጫገጭ ነገር ስታጣ ዳማ እየዞረች ታያለች። እኔን ታያለች። ተመልሳ ወደ ፊቷ ታያለች። ሁለታችንም ምን እየሠራን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

ምክር ደግሞ እንደ ጉድ ዘነበ። የኮሌጃችን የስፖርት መምህር «ሩቅ ተመልከት፣ ልጓሙን ላላ አድርገው» አለኝ። እንድሪስ «ሩቅ ምን አለ መምህር? ጆሮዋን ይዩ» ይላል። ጋሽ ዓለሙ ልጓም የላላለት ፈረስ ጌታ የለውም፣ ጠበቅ ነው የሚባለው አሉ። አልማዝ ደግሞ ዐይኔን ጨፍኜ እመቤታችንን እንድጠራ መከረችኝ። እኔም ማንንም ላለማስቀየም ሩቅና ጆሮ በየተራ እያየሁ፣ በግራ እጄ እያጠበቅኩ በቀኝ እያላላሁ፣ በመሃል ዐይኔን እየጨፈንኩ ስጋልብ፣ ዳማ እንደ ሰው ቆማ አስባ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች።

በኋላ እንድሪስ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን ከደንገል ቄጠማ የተሠራ አሮጌ ታንኳ ከሐይቁ ዳር ጎትቶ አመጣና ሜዳው መሃል አጋደመው። መዝለያ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ቀን ዳማ ደርሳ ቆመች፤ እኔ አንገቷ ላይ ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት በእርምጃ ተሻገረችው። በሦስተኛው እየሰገረች። በመስከረም አጋማሽ ታንኳውን ስንዘለው ልቤ እንኳ አይደነግጥም ነበር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ፣ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ደረቴን ነፍቼ መቆም ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ቀድሜ ብደርስ ዳማ ታንኳውን ቁርስ እየበላች አገኘኋት። ለካ ሁልጊዜ ትበላው ኖሯል። ከታንኳው የቀረው ለትራስ እንኳ አይበቃም።

«እንድሪስ፣ እኔ ነኝ የጎበዝኩት ወይስ ታንኳው ነው ያለቀው?»

እንድሪስ ታንኳውን አየ፣ ዳማን አየ፣ እኔን አየ። «መምህር፣ ዋናው መሻገርዎ አይደል?» አለኝ። ይህን መልስ ሌሊት ሁሉ ሳገላብጠው አድሬ ፍርሃቴን ጨመረብኝ እንጂ አልቀነሰልኝም።

መስቀል አለፈ። በጥቅምት መጀመሪያ ሦስታችን ዳግም ቁንዝላ ወረድን። ያዋሱኝ ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጉግስ የለመደ ቦራ ነበር። ጉግስ የለመደ መሆኑን የነገረኝ ግን የለም። ቦዩ ጋ ስንደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሙና «አንተ ቅደም፤ ካቃተህ ሁላችንም እዚሁ እንመለሳለን» አሉኝ። የቢንያም እጅ መታጠብ ትዝ አለኝ። ሩቅም ጆሮም ጠፋኝ። ዐይኔን ጨፈንኩና ፈረሱን በተረከዜ ነካሁት።

መሬት ከሥሬ ሄደች። ከዚያ ተመለሰች። ተሻገርኩ ብዬ ዐይኔን ስገልጥ ቦራው እንደ አዲስ መጋለብ ጀመረ። ጉግስ የለመደ ፈረስ አንዴ ከተለቀቀ ሜዳው ካላለቀ አይቆምም፤ ሜዳው ደግሞ የሚያልቀው አያ ቢሻው ደጅ ነው። ባርኔጣዬ ወደቀ። ጋቢዬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወገቤ ላይ ተጠመጠመ። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ ከዐይኔ ነፋሱ ይሁን ፍርሃቱ የማላውቀው እንባ ይወርዳል።

እዚህ ላይ እኔም ያኔ የማላውቀውን ነገር ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሽማግሌ ሲመጣ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እየታየ፣ አጥር ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ነው። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ እያለቀሰ፣ ሽምጥ እየጋለበ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ። የአያ ቢሻው ታላቅ ወንድም ደግሞ ያን ሰሞን ታመው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝተዋል። እኔ ደግሞ ከባሕር ዳር የመጣሁ ሰው ነኝ።

ከቤቱ አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ አየችኝ፤ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ተከትሏት ጮኸ። ፈረሱ ሲቆምልኝ ትንፋሼን ሰብስቤ ላወጣ የቻልኩት ቃል አንድ ነው፤ «አይዟችሁ!»

ለቅሶው ቀለጠ። አያ ቢሻው መሬት ላይ ወደቁ። «ወይኔ ቢሻው! ለአንድ ክንድ ድንበር ብየ! ሳልታረቅህ ሄድህ ወይ ወንድሜ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እኔ ግን በጩኸቱ መሃል ቃሉን ያኔ አልለየሁትም። ጎረቤት በየአጥሩ እየዘለለ መጣ። ቄስ ሞላ ከቦዩ ሆነው ጩኸቱን ሰምተዋል፤ ማን ሞተ ብለው ሳይጠይቁ ጥምጣማቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር» እያሉ ገቡ። ቄስ ከገባማ ምን ጥርጥር አለ? በዚህ ጊዜ እኔም ሰው መሞቱን አመንኩ። የሰውዬው ሐዘን አንጀቴን በላውና ከልቤ አለቀስኩ።

ጥቂት ካለቀስኩ በኋላ ማንን እንደማለቅስ ባውቅ ደግ ነው ብዬ አጠገቤ ያሉትን ባልቴት በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። «እናቴ፣ ማን ነው የሞተው?»

ባልቴቷ ለቅሷቸውን አቋርጠው አፈጠጡብኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ ያረዳኸን?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቄስ ሞላም ዞሩ። «እኔ… እኔ እንኳ ለሽምግልና ነው የመጣሁት» አልኩ።

አያ ቢሻው አፈራቸውን ሳያራግፉ ተነሱ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የጎረቤታቸውን ስልክ ተቀብለው የወንድማቸውን ቁጥር አስደወሉ። ከወዲያ «ማን ልበል?» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ።

«ቢሻው ነኝ። አለህ?»

«አለሁ።»

«አለህ ወይ ነው የምልህ!»

«አለሁ አልሁህ እኮ! ምን ሁነህ ነው የምታለቅስ?»

«ነገ እመጣለሁ» አሉና ስልኩን መለሱ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ጠርገውም ቶሎ አልገለጡትም።

ከዚያ «ወንድሜን ከነሕይወቱ ሰጣችሁኝ። ልጄን ብነፍጋችሁ ግፍ ይሆንብኛል። ሰጥቻለሁ» አሉ። ጋሽ ዓለሙ ሦስት ወር ያጠኑት ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች በዚያው እንባቸው እልል አሉ። እኔም ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር ሳላውቅ ባርኔጣዬን ልፈልግ ስነሳ፣ አያ ቢሻው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንድ ነገር ግን አለ። ለሠርጉ ይህ መምህር በእግሩ ይምጣ። ቀስ ብሎ። ከሩቅ እየሳቀ።»

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ቦዩ ያኔ ውሃ ስለማይኖረው በእግሬ መሄዱ አላስጨነቀኝም። ቢንያም ሆዱ እስኪሞላ መብላት ጀምሯል፤ አልፎ አልፎም «ግን በእርግጥ ዘልለህ ነው የተሻገርከው?» እያለ ይጠይቀኛል። ዐይኔን ጨፍኜ ስለነበር ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም። የከበደኝ ሳቁ ነው። ከሩቅ እንዲታይ ተደርጎ የሚሳቅ ሳቅ በሕይወቴ ስቄ አላውቅም። ትናንት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጥርሴን በሙሉ አውጥቼ ስለማመድ አልማዝ በበሩ ብቅ አለች። የያዘችውን ፎጣ ጣለች፤ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ፣

«ምነው? ማን ሞተ?» አለችኝ።