አሰብ ቢሆን ኖሮ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሥጋው ከእኛ ጋር ይኖራል፣ አፉ ግን ሌላ አገር ነው የሚያድረው። እናንተም ሰፈር አለ፣ አትካዱ። አንዱ ሦስት ዓመት የሠራበትን ድሬዳዋን ዕድሜ ልኩን ያወራል። ሌላዋ ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ ልጆቿ ኮሌጅ ገብተዋል፤ እሷ ግን ዛሬም ዳቦ ስትገዛ «እዚያ እኮ እንዲህ ያለ ዳቦ ለሰው አይሸጥም» ትላለች። ለእኛ ለደብረ ብርሃኖቹ፣ በተለይም ለእኛ መንደር፣ የደረሰን ክቡር አቶ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ የቀድሞው የአሰብ ወደብ ክሬን ነጂ፣ ያሁኑ የሙቀት አምባሳደር።

ክቡርነታቸው አሰብን ለቀው ከመጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ቤቴን ከአጥራቸው ጥግ ከሠራሁ ጀምሮ ግን አሰብን ሳያነሡ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሚኒባስ ሲዘገይ «አሰብ ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ «አሰብ ቢሆን ኖሮ»። መብራት ሲመጣም ያው ነው። ወደብ የሚል ቃል የሰማ ወሬኛ ሁሉ ወደ ፖለቲካ ሊጎትታቸው ይሞክራል፤ እሳቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። «እሱን ለሚያውቁት ተወው። እኔ የማውቀው ስለ በረዶና ስለ ሎሚ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አሰብ በእሳቸው አፍ የምትተረከው በሐምሌ ሙቀቷ ነው። ሰው አንሶላውን ውሃ ነክሮ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። እሑድ እሑድ ሁሉም ባሕር ይወርዳል፣ ሲመለስ ጨው ቆዳው ላይ ደርቆ ያሳክከዋል። ገና ሳይነጋ በረዶ ለመግዛት ይሰለፋል፣ የገዛውን በጆንያ ጠቅልሎ ቤቱ እስኪደርስ ግማሹ ቀልጦ መንገድ ላይ ይቀራል። ደስታውንና ምሬቱን በአንድ ትንፋሽ ስለሚያወሩት፣ ያ አገር የናፈቃቸው ይሁን ያስመረራቸው እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ችግሩ ሐምሌ እዚህም መምጣቱ ነው። እኛ ጋ ሐምሌ ማለት ጭቃና የማያባራ ዝናብ ነው። ክቡርነታቸው ግን ሐምሌ የሙቀት ወር ነው ብለው አንዴ ወስነዋልና አበባማ አጭር እጅጌ ሸሚዛቸውንና ክፍት ጫማቸውን ያወጣሉ። እርግጥ ብርዱን አይችሉትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሹራብ ይለብሱና ሸሚዙን ከላይ ይደርቡታል። በክፍት ጫማውም ውስጥ የሱፍ ካልሲ አለ። እንዲህ ሆነው በዝናቡ መሐል ሲያልፉ ባለቤቴ አልታየች በመስኮት አይታ፣ «ጋሼ ደግሞ ባሕር ሊወርዱ ነው» ትላለች።

በበጋ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጉም። በርጩማቸውን ይዘው ፀሐይ ሲያሳድዱ ይውላሉ። ጠዋት የእኔ አጥር ሥር ናቸው፤ ረፋዱ ላይ የወይዘሮ ሔራን ሱቅ ግድግዳ፣ ከሰዓት ዳቦ ቤቱ በር። የሚፈልጋቸው ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን አይቶ ነው የሚነሣው። በየደረሱበትም ተቀምጠው ሳይሞቁ ይነሣሉ፤ ፀሐይዋ ቀድማቸው ሄዳለች። እሳቸውን እያየሁ እኔም መቀመጥ ያቅተኛል።

ትልቁ ፈተናችን ግን በረዶው ነበር። ጥቅምት ገብቶ ውርጭ ሲጀምር፣ ክቡርነታቸው ሲመሽ በየሳህኑና በየሳፋው ውሃ ሞልተው ግቢ ያሰጣሉ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሥራውን ያውቃል፤ ጠዋት ሁሉም ረግቶ ይገኛል። ከዚያ በመዶሻ ይከሳክሱትና በሳህን በሳህን አድርገው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለን ሳለን፣ በር ያንኳኳሉ። በረዶ ይዘው። በኅዳር ውርጭ።

«አሰብ ቢሆን ኖሮ ለዚህች ሰው ይጋደል ነበር» ይላሉ፤ ሳህኑን እንደ ማር እንጀራ በሁለት እጃቸው ይዘው።

ጎረቤት ያመጣው ይመለሳል እንዴ? አልታየች እጇን ከጋቢዋ አውጥታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምን አደከመዎት» ብላ ትቀበላለች። በረዶው ጌሾው ሥር ይደፋል። ሳህኑ ግን ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የገብስ ቆሎ ወይም ትኩስ ዳቦ ይደረግበታል። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሰውየው ለወር ያህል ውሃ አከፋፍለው ቁርሳቸውን ሲበሉ ይከርማሉ። እኔ ይህን ለአልታየች ስነግራት ሳቀችና፣ «ታዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ቁርስ ቢያገኙ ምን ከፋህ?» አለችኝ።

ያቺን በረዶ ራሳቸው በሎሚ ይጠጧታል። ሎሚውን የሚያመጣላቸው የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓብዱራህማን ነው። አንድ ቀን አጥሬ ሥር ተቀምጠው በረዷማውን ብርጭቆ ሲያነሡ ደርሶ ቆሞ አያቸው። «ጋሼ፣ ወላሂ፣ እኛ ቆላ ሆነን እንኳ ሻይ ነው የምንጠጣው» አላቸው። «እናንተ ባሕር አታውቁም» አሉት።

ዘንድሮ ግን ጨዋታው ተበላሸ። መስከረም ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ፀሐይዋን ተከትለው ከእኔ አጥር እስከ ሔራን ሱቅ ሲሄዱ መሐል ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ያርፋሉ። ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ አልሸፋፈነውም፤ «ልብዎ ይህን ከፍታና ይህን ብርድ አይችልም፤ አንድ ውርጭ ሊበቃዎ ይችላል። ቆላ ይውረዱ» አላቸው።

እሰይ አልኩ በልቤ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙቀት ሙቀት ያሉ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ሙቀት ታዘዘላቸው። ሴት ልጃቸው ሠናይት ሰመራ ነው የምትሠራው፤ ቤቷም ሰፊ ነው፣ ኑ ብላ ከለመነች ቆይታለች። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ሰመራ ባሕር የለውም።»

«ጋሼ፣ ሙቀት አይደል የሚፈልጉት? እዚያ ሞልቷል» አልኳቸው።

«ሙቀት ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው፣ ጠላና ውሃም አንድ ነው ይላል።»

«ሐኪሙ ያለዎትን ረሱት?»

«ሐኪሙ አሰብ አልኖረም።»

ሠናይት በየማታው ትደውልልኝ ጀመር። «ጋሼ በእመቤቴ፣ ይለምኑልኝ። የማንንም አይሰሙም፣ የእርስዎን ግን ይሰማሉ» ትለኛለች። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔን ሲሰሙ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት አለቀ። እሳቸው ሳፋቸውን ግቢ አሰጡ። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በውርጩ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ሳህናቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ያን ጊዜ አንጀቴ አረረ። «ጋሼ፣ ይህን በረዶ እያመላለሱ ሊሞቱብን ነው?» አልኩ። «አይሄዱም ከሆነ እንግዲያው እዚሁ ደርቀው ይቅሩ» ብዬ ሳህኑን ሳልቀበል በሩን ዘጋሁት። በዚያው ጠዋት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ወደ ጎረቤላ ሄድኩ።

ክርስትናው አላማረኝም። ጭጋጉ ደጃፉን ሞልቶታል፣ ሰው ይበላል ይጠጣል፣ እኔ እነሣለሁ እቀመጣለሁ። እህቴ «ምን ሆንክ፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አለችኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ መብራትም ጠፍቷል። አሰብ ቢሆን ኖሮ ልል ነበር፣ ዋጥኩት። እሑድ ቀትር ላይ ቸኩዬ ተመለስኩ።

ከሚኒባስ ወርጄ ወደ መንደራችን ስታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። የእድራችን ድንኳን ነው፤ አናቱ ላይ ባለው ትልቅ ጥጋኝ ከሩቅ ይታወቃል። የተተከለው ክቡርነታቸው በር ላይ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር እሑድ ቀን፣ ዘፈን ሳይሰማ፣ ሰው በር ላይ ድንኳን ከተተከለ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል።

እኔም አልጠየቅኩም። በእጄ የያዝኩትን የክርስትና ዳቦ የት እንደጣልኩት አላውቅም። ጋቢዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ መንገዱን ሙሉ እየጮህኩ ገባሁ። በዘመዶቼ ለቅሶ እንኳ ሰው ፊት ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሰማይ ተደፋብኝ።

«ወንድሜን፣ ወንድሜን» እላለሁ። «ሳህንህን ሳልቀበልህ የሄድከው ወንድሜን። ከእንግዲህ በኅዳር ውርጭ በረዶ ይዞ በሬን ማን ያንኳኳል? አሰብ ቢሆን ኖሮ ብሎ ማን ያደርቀኛል? አጥሬ ሥር ፀሐይ ማን ይሞቃል?»

አብሮኝ የሚያለቅስ ጠበቅኩ። ማንም የለም።

«አሰብ ቢሆን ኖሮ» አለ አንድ የማውቀው ድምፅ፣ «ሰው መጀመሪያ ማን እንደሞተ ይጠይቃል።»

ቀና አልኩ። ክቡርነታቸው አበባማ ሸሚዛቸውን በሹራባቸው ላይ ደርበው፣ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመዋል። ጎረቤቶቻችን በእድሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በረዶ የገባበት የሎሚ ብርጭቆ ይዘው፣ በጥላው ሥር ይንቀጠቀጣሉ። አልታየች ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ሳቋን ለመያዝ ትታገላለች። የወይዘሮ ሔራን ዓይን ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ና ተቀመጥ፣ አይዞህ። ሁላችንም እንዲሁ ነው የገባነው» አለችኝ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ይትባረክ ብርጭቋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው አቀርቅረዋል። «እኔ ራሴ ለግብዣ ነው ተብሎ ያስረከብኩትን ድንኳን፣ በር ላይ ቆሞ ሳየው እንባዬ ቀደመኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክቡርነታቸው ሊሄዱ ቆርጠዋል። ሠናይት ረቡዕ መኪና ይዛ ትመጣለች። ከመሄዳቸው በፊት የአሰብን እሑድ ሊያሳዩን ፈለጉ፤ ጥላ፣ ሎሚ፣ በረዶ፣ ሥራ ፈቶ መቀመጥ። ባሕሩን ብቻ አላገኙትም። ለጥላው ድንኳን አስፈለጋቸው። ድንኳን እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ኖረውም አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ኖሮ ማን እንደሚያለቅስላቸው ማየት ፈልገዋል። ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። ፊታቸው ላይ እርካታ ነበር።

አጠገባቸው አስቀምጠው ብርጭቆ ሰጡኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ፣ ጥርሴ ሊረግፍ ደረሰ። «ማን አሳመነዎት?» አልኳቸው።

«አንተ ነሃ። ሌላው ሰው ሁሉ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ ይለኛል። በር የዘጋብኝ አንተ ብቻ ነህ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ይህ ሰው እውነቱን ነው አልኩ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስታለቅስልኝ ስለ በረዶው ያልከውን ግን እስቲ ድገመው።»

አልደግምም አልኩ። ሰው አፍሮ እያለ እንዴት ይደግማል?

ረቡዕ ሄዱ። አበባማውን ሸሚዝ ለብሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሹራብ። መኪናው ሲታጠፍ አልታየች እንባዋን ጠረገች፤ እኔ አጥሬ ሥር ያለችውን ፀሐይ ሳይ ቆየሁ። ማንም አልተቀመጠባትም።

አሁን በየጠዋቱ ይደውላሉ። ትንፋሻቸው ተመልሷል፣ ይመስገን። «ይኼ ሰመራ» ይላሉ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ላብ፣ ውሃው ከቧንቧው የሚወርደው ፈልቶ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ ተኝቼ ነበር።» ሠናይት ስልኩን ትቀማቸዋለች። «ጋሼ፣ ጎረቤቶቼ ሸሹን እኮ። ሰው ሰላም ሲላቸው ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ነው መልሳቸው።»

እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ከትናንት በስቲያ ሲመሽ ሳፋ ውሃ ሞልቼ ግቢ አሰጣሁ። አልታየች በመስኮት አየችኝ። ጠዋት በመዶሻ ከሰከስኩት፤ እጄ ደነዘዘ። አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ተቀመጥኩ። የምወስድለት ሰው አልነበረኝም።

ስልኩ ሲጮህ እሳቸው ናቸው። ሙቀቱን ማማረር ሲጀምሩ፣ ሳልናገር ብርጭቆውን ስልኩ ጋ አስጠግቼ ነቀነቅኩት። በረዶው ኳኳ አለ።

ክቡርነታቸው ጸጥ አሉ። ጸጥታው ሲረዝም ልባቸው እንዳይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።